የሌሊት ጆቦችን ለማን እንስጥ? ከክሮን እስከ ኮንትሮል ኤም

ባሕር ዳር ላለ የቁጠባና ብድር ማኅበር ወይም ሆቴል የሌሊት ጆቦችን (ኮምፒዩተሩ በተያዘላቸው ሰዓት ራሱ የሚያካሂዳቸውን ሥራዎች) የሚያስተዳድር ሶፍትዌር ልትመርጡ ከሆነ፣ ሻጩን «ጆቡን በሰዓቱ ያስነሳል ወይ?» ብላችሁ አትድከሙ። እሱንማ ሁሉም ያደርገዋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምን ያደርጋል? ጠዋት ደንበኛ መስኮት ላይ ሳይሰለፍ የተበላሸውን ያሳየኛል ወይ? ልዩነቱ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

በነጻ ከሚገኙት እንጀምር። የሊኑክሱ ጆብ ማስነሻ ክሮን ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱ ያለፈበትን ጆብ ሲነሳ አያስታውሰውም። እዚያው ሊኑክስ ውስጥ ባለው ሲስተምዲ ታይመር ላይ «ፐርሲስተንት» የሚለውን ካበራችሁ ያመለጠውን ሰርቨሩ እንደተነሳ ያካሂደዋል። የዊንዶውስ ታስክ ስኬጁለርም ይህ ምርጫ አለው፤ ራሳችሁ ካላበራችሁት ግን አይሠራም። ሁለቱም ቢሆኑ ሦስት ሌሊት ቢያመልጥ የሚያካሂዱት አንዴ ብቻ ነው። ለባክአፕ ይበቃል። የየቀኑን ወለድ ለሚያሰላ ጆብ ግን አይበቃም።

ኤርፍሎው የሚሻለው በዚህ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የማረፊያ ቤት አከራዩ ኤርቢኤንቢ ውስጥ የተጀመረ፣ አሁን በአፓቺ ፋውንዴሽን ሥር ያለ ነጻ ሶፍትዌር ነው። ላመለጠው ለእያንዳንዱ ቀን በራሱ ቀን የተለየ ሩጫ ያስነሳል። ይህ «ካችአፕ» የሚባለው ምርጫ በሁለተኛው ትውልድ ሳይነካ በርቶ ይመጣ ነበር፤ በ2025 በወጣው በሦስተኛው ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ አይታችሁ አብሩት።

ክትትሉም ግሩም ነው። ወለድ ይሰላል፣ ሪፖርት ይወጣል፣ ለአባላት ኤስኤምኤስ ይላካል እንበል። ሪፖርቱ ላይ ከተበላሸ ወለዱ አረንጓዴ፣ ሪፖርቱ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቀዩን ተጭናችሁ ሎጉን (የጆቡን መዝገብ) ታነባላችሁ፣ ችግሩን ትፈታላችሁ፣ «ክሊር» ስትሉት ከዚያው ጀምሮ ወደ ታች ይቀጥላል። ወለዱ ድጋሚ አይነካም። ሁሉንም ከመጀመሪያው ማስነሳት ግድ ቢሆን ኖሮ ወለድ ሁለቴ ሊመዘገብ ይችል ነበር።

ኤርፍሎው ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ይፈልጋል፤ በዊንዶውስ ላይም በቀጥታ አይሠራም። ሰዓቱም ካልቀየራችሁት የሚቆጥረው ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፦ 02:00 ብላችሁ ብትሞሉ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ሌሊቱ ሳያልቅ ያልቃል ያላችሁት ሥራ ቢሮ ሲከፈት ገና ይሮጣል።

ራንዴክ የሚባለው ሌላው ሶፍትዌር የሚመቸው ሠራተኛው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ለሚያስነሳው ሥራ ነው፤ ማን ምን እንዳስነሳ ይመዘግባል፣ ፈቃድም ይለያል።

ኮንትሮል ኤም እና ኦቶሲስ የሚባሉት በክፍያ የሚገኙ የጆብ ማስተዳደሪያዎች የባንክ ዕቃዎች ናቸው። ላይሰንሱ በውጭ ምንዛሬ ነው፣ ስለዚህ ለትንሽ ቢሮ አልመክርም። የኦቶሲስን ቁጥጥር ግን እወድለታለሁ። ጆብን «ሆልድ» ላይ ካደረጋችሁት ከኋላው ያሉት ቆመው ይጠብቁታል፤ «አይስ» ላይ ካደረጋችሁት ግን እንደተሳካ ተቆጥሮ ያልፉታል። ኦፕሬተሩ ሁለቱን ካምታታ ሪፖርት ሳይወጣ ኤስኤምኤሱ ይሄዳል፤ ስለዚህ ግዢው ሥልጠናንም ይጨምር።

የዘመን አቆጣጠራችንን በተመለከተ ክሮን የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ብቻ ነው። ለምሳሌ የወር መዝጊያው መስከረም 30 አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 10 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን ኦክቶበር 11 ነው። ኮንትሮል ኤም እና ኦቶሲስ የራሳችሁን ካላንደር እንድታስገቡ ይፈቅዳሉ፤ ኤርፍሎው ላይ በፓይተን ይጻፋል።

ምርጫዬ ይኸው፦ አንድ ሰርቨርና ባክአፕ ብቻ ላለው ሲስተምዲ ወይም ታስክ ስኬጁለር፤ ተያያዥ ጆቦችና አንድ ፓይተን አዋቂ ላለው ማኅበር ኤርፍሎው፤ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ባንክ ከሁለቱ ትልልቆች አንዱ። ከመፈረማችሁ በፊት ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ሰርቨሩን አጥፍቶ ያብራ፤ ከዚያም የመስከረም 2020 ዓ.ም. ወር መዝጊያ ጆብን ይሙላ። ኦክቶበር 11 ካላለ አትፈርሙ።