የእናቴን ክፍል ላወጣልን የፕላን ባለሙያ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ኩታበር ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። ቤቱን ሊያሰፋ ወይም ሊያሻሽል ያሰበ ሁሉም እኔ ባለፍኩበት መንገድ እንዳያልፍ እፈልጋለሁ። ጽሑፉ ይረዝማልና ታገሡኝ።

እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። አምና በየካቲት ደም ግፊቷ ተነሥቶ ግራ ጎኗን ያዛት። ከሆስፒታል ስትወጣ በዊልቸር ነበር። ቤታችን በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ተዳፋት ላይ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና በገዛ እጁ ያቆመው የጭቃ ቤት ነው። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጥግ ሆኖ አምስት የድንጋይ ደረጃ ያስወርዳል። ጤነኛ ሰው እንኳን በክረምት የሚንሸራተትበትን ደረጃ እናቴን አዝዬ መውረድና መውጣት ጀመርኩ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም እዚያው ቤታችን በረንዳ ላይ ነው። ደንበኛ እየለካሁ ከውስጥ ስትጠራኝ ሥራዬን ጥዬ እገባለሁ። ከጊዜ በኋላ የምትጠራኝ እየቀነሰ መጣ። እየተሻላት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ለጎረቤታችን ስትነግራት ሰማኋት፤ "ውሃ መጠጣት ትቻለሁ፤ ልጄን ደጋግሜ እንዳላስነሣት ብዬ ነው" ትላታለች።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከቤቱ ጎን አንድ ክፍል፣ ከነሽንት ቤቱና ከነመታጠቢያው፣ ቀጥዬ ለመሥራት የወሰንኩት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የገጠመኝ ሰው ጉዳይ እናስፈጽማለን ከሚሉት አንዱ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ የሚገኝበትንም አልጠቁምም። "ቦታሽ ተዳፋት ስለሆነ ቤትሽ የሚመደበው ከፎቆቹ ጋር ነው፤ ወጪው ከባድ ነው" አለኝ። አመንኩት። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ተቀበለኝ። ከዚያ በኋላ ዛሬ ነገ እያለ እግሬ እስኪቀጥን አመላለሰኝ። ስልክ ሳይነሣ የሚያልፍበትን ቀን ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት። በመጨረሻ ሰኔ ሊያልቅ ሲል ደውሎ "ፈቃዱ አልቋል፣ አስቆፍሪ፤ ወረቀቱን ሰኞ አመጣልሻለሁ" አለኝ። ክረምቱ ሳይጠነክር መሠረቱ ቢወጣልኝ ብዬ ሠራተኛ ቀጥሬ አስቆፈርኩ። በሦስተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎች መጥተው ፈቃድ ጠየቁኝ። ምን ላሳያቸው? ሄጄ ባጣራ በእኔ ስም የገባ ማመልከቻ እንኳን አልነበረም። ሥራው ታገደ። እነሱን አልወቅስም፤ ሥራቸውን ነው የሠሩት። እኔን ያቃጠለኝ አንድ ሰው የታመመች እናት እንዳለችኝ እያወቀ እንዲያ ማድረጉ ነው። ገንዘቡንም ውሃ በላው።

ሁለተኛው ፕላን ሠሪ ደግሞ ቤቴን ሳያይ የሠራ ነው። በስልክ "ስንት ካሬ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፤ ሌላ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም። አራት ሺህ ብር ከፈልኩ። ሜዳ ላይ ያለ ቤት ስሎ ሰጠኝ። አስገባሁት፣ ተመለሰልኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ መመለሱ ትክክል ነበር፤ ያ ወረቀት የእኛን ግቢ አይመስልም።

በዚህ መሀል ሐምሌ ገባ። የደሴን ሐምሌ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ሞላ፤ ጥቁሩ አፈር አበጠ፤ በእናቴ አልጋ በኩል ያለው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ። ጣቴን ብከተው ይገባል። ሌሊት ዝናቡ ሲጀምር ተነሥቼ ስንጥቁን በባትሪ አያለሁ፣ ሰፋ ወይስ እንደነበረ ነው እያልኩ። አልጋዋን ወደ መሀል ጎትቼ እዚያው ከጎኗ ወለል ላይ እተኛ ነበር።

ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ከእኔ ጉድጓድ የሞላው ውሃ ወደ እሳቸው ግቢ ገብቷል። ሊወቅሱኝ መጡ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። እሳቸው ግን ስንጥቁን አይተው "አብሽሪ ልጄ፣ መላ አይጠፋም" አሉኝ። የእህታቸው ልጅ ቤት ሲያሰፋ ፕላኑን የሠራለት ባለሙያ ልጅ እንዳለ ነገሩኝ። ሐጂ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እርስዎ ባይኖሩ ይህን ልጅ አላገኘውም ነበር።

ደወልኩለት። ከሰዓት በኋላ በዚያ ዝናብ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ መጣ። ሜትርም ወረቀትም አላወጣም። መጀመሪያ የጠየቀኝ "ክፍሉ የማን ነው?" ብሎ ነው። የእናቴ ነው አልኩት። "እንግዲያውስ እሳቸውን ላናግር" አለ። ጭቃ የያዘ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባና ከአልጋዋ አጠገብ ካለችው ዱካ ላይ ተቀመጠ።

"እማማ፣ ጠዋት ሲነቁ ፊትዎ ወደ የት ቢሆን ይወዳሉ?" አላት።

እናቴ ከታመመች ወዲህ ምን እንደምትወድ የጠየቃት ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር። ዝም ብላ ቆየችና "ወደ አዝዋ ገደል፤ ፀሐይዋ የምትወጣው ከዚያ ነው" አለችው። ጻፈው። አዎ፣ ጻፈው! ዛሬ የክፍሏ መስኮት ወደ አዝዋ ገደል ነው።

ከዚያ ዊልቸሯ ላይ አስቀመጥናት። የእሱ ሜትር የብረት ነው፤ ሰውነቷን እንዳይነካት ብሎ መሰለኝ አንገቴ ላይ ያለውን የልብስ ሜትር ለመነኝ። እጆቿን ጎማው ላይ አስይዞ ከክርን እስከ ክርን ለካት፤ ወንበሩን ብቻ ለክቶ አልተወም። "ሰው ወንበሩን ሲገፋ ክርኑ ይወጣል፤ በሩ ለወንበሩ ብቻ ከተለካ እጃቸውን ይልጠዋል" አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስለካ ኖሬአለሁ፤ ሰው እንዲህ ሲለካ ግን አይቼ አላውቅም። በሩን ዘጠና ሴንቲ ሜትር አደረገው። ቀጥሎ የልብስ ጠመኔዬን ተቀብሎ ወለሉ ላይ ተንበረከከና ወንበሩን ቀስ ብሎ እያዞረ ዳር ዳሩን አሰመረ። ክብ ወጣ። "ይህቺ አንድ ሜትር ተኩል ክብ ሽንት ቤቱ ውስጥ ካልገባች እማማ ገብተው መዞር አይችሉም" አለ። ያ ነጭ ክብ ብዙ ቀን ወለላችን ላይ ቆየ። ለመጥረግ እጄ እምቢ አለኝ።

ወደ ውጭ ወጣና ደግሞ ዝናቡ ሲዘንብ ግማሽ ሰዓት ያህል ጃንጥላ ይዞ ቆመ። ምን እያየ እንደሆነ ስጠይቀው "ውሃው ከየት እንደሚመጣ" አለኝ። የመጀመሪያው ሰው ባስቆፈረኝ ቦታ ላይ ክፍሉ ቢሠራ ኖሮ ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ በሙሉ ዞሮ የሐጂን አጥር ይመታ ነበር። ክፍሉን ወደ ውስጥ ሳበው፤ ከበላዩ የውሃ መውረጃ ቦይ አወጣለት፤ የጣራውም ውሃ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ አደረገ። ስለ መሠረቱና ስለ ብረቱ ምን እንዳሰላ አላውቅም፤ እሱን አስረጂ ብባልም አልችልም። የማውቀው ከዚያ ወዲህ በሐጂ ግቢ ከእኛ የመጣ ውሃ አለመግባቱን ነው።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሳልጠራው ሁለት ሠራተኞች ይዞ መጣ። የተሰነጠቀውን ግድግዳ በባሕር ዛፍ ደገፉት፤ ጉድጓዱን ውሃውን ቀድተው መልሰው ሞሉት፤ ላዩን በላስቲክ ሸፈኑት። ስንት ልክፈል ስለው "ይህ የፕላን ሥራ አይደለም" ብሎ እጄን መለሰ። ለሠራተኞቹም የከፈለው እሱ ነው። እናቴ ቡና አስፈልታ ከአቦል እስከ በረካ አጠጣችው። በዚያ ሌሊት ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልነሣ አነጋሁ።

ከፎቅ ጋር ነው የምትመደቢው የተባልኩትንም ነገርኩት። ከቦርሳው የሕንጻ አዋጁን አወጣ፤ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ይባላል። እያነበበ አስረዳኝ። በዚያ አዋጅ ሕንጻዎች በሦስት ምድብ ይከፈላሉ፤ ሀ፣ ለ እና ሐ። ቁመቱ ከአሥራ ሁለት ሜትር በላይ የሆነ ወይም ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንጻ ምድብ ሐ ነው። እንደ እኛ ያለ ባለ አንድ ወለል መኖሪያ ቤት ምድብ ሀ ነው፤ ከሦስቱ ቀላሉ። ተዳፋት መሆኑ ከፎቅ ጋር አያስቆጥረውም። ለአካል ጉዳተኛ የሚሆን መግቢያ እንዲኖር ሕጉ የሚያስገድደውም የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎችን እንደሆነ አሳየኝና "ለእማማ ግን እኔ አስገድዳለሁ" ብሎ ያለ ደረጃ ዘንበል ያለ መግቢያ ጨመረበት። ለዚህም ተጨማሪ ገንዘብ አልጠየቀም።

ፈቃዱን እሱ ያወጣልኛል ብዬ ነበር። "አይሆንም፣ እታለም፤ አንቺው ሄደሽ አስገቢ፤ ጉዳይሽን ራስሽ እወቂው" አለኝ። የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚቀድም በእጁ ጻፈልኝ፤ መጀመሪያ የፕላን ስምምነት፣ ማለትም ሥራው ከከተማው ፕላን ጋር ይስማማል የሚል ማረጋገጫ፣ ከዚያ የግንባታ ፈቃድ። "ደረሰኝ የሌለው ክፍያ አትክፈይ፤ ማንም አልቋል ቢልሽ ማኅተም ያለበትን ወረቀት ሳታዪ አካፋ እንዳይነሣ" አለኝ። ይህቺን ምክር በግንቦት ያገኘኋት ቢሆን! ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "ይህ የተሟላ ነው" አለችኝ። እሷንም አመሰግናለሁ። በዘጠነኛው ቀን ፈቃዱን ያዝኩ።

የይዞታ ካርታውን ሲጠየቅ እናቴ ከትራሷ ስር አወጣችው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ ከቤቱ ይዛ የወጣችው ያንን ካርታና የአባቴን ፎቶግራፍ ብቻ ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ በእግሯ ተጉዛለች፤ ያኔ እግሯ ደኅና ነበር። ስንመለስ ብዙ ነገር አጥተናል፤ ካርታው ግን አለ። ይህን ለልጁ ስትነግረው ሲያዳምጥ ቆየና ካርታውን በሁለት እጁ ተቀበላት። ኮፒ አስደርጎ ያኑ ቀን መለሰላት። ስንቱ ባለሙያ ነው የሰው ካርታ ይዞ ወር የሚከርመው!

ሥራው መስከረም ተጀምሮ ኅዳር አለቀ። መሠረቱ ሲወጣ መጣ፣ ብሎኬቱ ሲቆም መጣ፣ በሩ ሲገጠም ሜትር ይዞ መጣ። በሩን የገጠመው ሰው በሁለት ሴንቲ አጥብቦት ነበር፤ አስፈትቶ እንደገና አስገጠመው። "ሁለት ሴንቲ ምን አላት" ሲባል "የእማማ ክርን ናት" አለ። ለፕላኑ የጠየቀኝ በጠቅላላው ሰባት ሺህ ብር ነው፤ ግማሹን ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ነው የተቀበለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር የእጅህን ይስጥህ። እናትህን ያኑርልህ፤ የሌሉም ከሆነ ነፍሳቸውን ይማር፤ እንዲህ አድርገው ላሳደጉህ ሰዎች ሁሉ ምስጋናዬ ይድረስልኝ። ስምህንና ስልክህን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቅከኝ አላወጣሁም። እናንተ ግን የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለእያንዳንዳችሁ እነግራችኋለሁ። ክፍል ልትቀጥሉ፣ ግድግዳ ልታፈርሱ፣ ሱቅ ልታወጡ፣ ጣራ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ሁሉ ለሌላ ሰው አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እሱን አናግሩት። በተለይ አረጋዊ ወይም የታመመ ሰው ቤታችሁ ያለ፣ እባካችሁ እሱን አናግሩት። ተዳፋት ላይ የምትኖሩትም እንዲሁ፤ ክረምት ሳይገባ።

እናቴ ዛሬ ጠዋት ፀሐይዋ ስትወጣ ዊልቸሯን በራሷ ገፍታ ሽንት ቤት ገብታ ወጣች። ከአልጋዋ አጠገብ ባለ አንድ ሊትር ውሃ አለ፤ እስከ ቀትር ትጨርሰዋለች።

ወደ እሱ ስትሄዱ የይዞታ ካርታችሁንና የቦታ ግብር የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ይዛችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ክፍሉ ለማን እንደሆነ ነው፣ ቀጥሎ እነዚህን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮው ዝግ ነው።