መኪና ለምትከራዩ የዲሲ አካባቢ ሰዎች፦ ይሄን ልጅ እንዳታልፉት

ሰላም ወገኖች። እዚህ ብቅ የምለው አብዛኛውን ጊዜ ለማማረር ነው። ዛሬ ግን ለማመስገን ነው የመጣሁት። ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ጊዜ የሌለው ሰው እቺን ብቻ ይዞ ይሂድ፦ ዲሲ፣ ሜሪላንድ ወይ ቨርጂኒያ ሆናችሁ ራቅ ላለ መንገድ መኪና መከራየት ካሰባችሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ አለ። ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቁጥሩን እሰጣችኋለሁ። «ስሜን አደባባይ እንዳታወጪው» ብሎ ለምኖኝ ነው እንጂ እኔስ በትልቁ ብጽፈው ደስ ባለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከደብረ ብርሃን ልትጠይቀን መጥታለች። የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰቦች ደግሞ ኦክራኮክ የሚባል ደሴት ላይ ቤት አላቸው። «ባዶውን ነው ያለው፣ እናትሽን ይዘሽ ሂጂ» አለችኝ። ቦታውን ለማታውቁት፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አውተር ባንክስ ከሚባሉት ደሴቶች አንዱ ነው። ድልድይ የለውም። መኪና ይዞ መግባት የፈለገ ፌሪ (መኪና የሚያሻግር መርከብ) ላይ መጫን አለበት። መንደሩ ያለው የደሴቱ ጫፍ ላይ ነው፣ ከፌሪው ወርዳችሁ እዚያ እስክትደርሱ አሸዋና ሣር ብቻ ነው የምታዩት። ብላክቢርድ የሚባለው የባሕር ወንበዴ በ1718 የተገደለው እዚያው አጠገብ ነው። ባለቤቴ ይሄን ካነበበ በኋላማ ማን ይመልሰው።

የእኛ መኪና ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ነው፤ ከዚያ በላይ አቅም የለውም። ልጆች አሉ፣ ሻንጣ አለ፣ የእናቴ ጓዝ አለ (ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ምን ያልያዘችው አለ)። መከራየት ግድ ሆነ። ጭንቀቱም ያኔ ጀመረ።

ምክንያቱም ከኪራይ መኪና ጋር የቆየ ቂም አለኝ። ባለፈው የተከራየሁት አየር ማረፊያ አካባቢ ካለ ቦታ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። ሚኒቫን ብዬ ቀድሜ ይዤ ስደርስ «አልቋል» ብለው ሁለት ሻንጣ የማይችል ሚጢጢ መኪና ሰጡኝ። እንዴት ነው የያዝኩት ነገር የሚያልቀው? ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ኢንሹራንስ በኢንሹራንስ ላይ፣ እዚህ ፈርሚ፣ እዚህም ፈርሚ፣ እዚያም። መኪናውን መልሼ፣ ቤቴ ገብቼ፣ ነገሩን ረስቼው ሳለሁ ካርዴ ላይ ገንዘብ ተቆረጠ። ስደውል «ፓራውልቱ ተጭሯል» አሉኝ። ፎቶ ላኩልኝ አልኩ። ላኩ። ወገኖቼ፣ ፎቶው ላይ ያለው መኪና ቀለሙ ራሱ የእኔ አይደለም! ይሄን ለማስረዳት ስልክ ላይ ሙዚቃቸውን ሳዳምጥ ኖርኩ። የቶሉ (የመንገድ ክፍያው) ነገር ደግሞ አለላችሁ። መንገዱ የጠየቀው ጥቂት ዶላር ነው፣ «የአገልግሎት» የሚሉት ግን በየቀኑ ተባዝቶ ነው የመጣው፣ መኪናው ደጅ ቆሞ ለዋለበት ቀን ጭምር። ሌላ ጊዜ ደግሞ በአፕ ከግለሰብ ልከራይ ብዬ ሰውዬው በዚያው ጠዋት ሰረዘው። ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ልጆቹን ግን ምን ልበላቸው።

ቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት እህት ናት የዚህን ልጅ ቁጥር የሰጠችኝ። እውነቱን ለመናገር ሐበሻ ስለሆነ ብቻ አላመንኩትም፣ የራሳችንም ሰዎች አቃጥለውኝ ያውቃሉ። ስደውልለት ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ካርድ አልነበረም። «ወዴት ናችሁ?» አለኝ። ኦክራኮክ ስለው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «በሃተራስ በኩል ነው ወይስ በስዋን ኳርተር?»

እኔ መች አውቄ! እሱ ነው ያስረዳኝ። ከሃተራስ የሚነሳው የመኪና ፌሪ ነጻ ነው፣ ቀጠሮ አይያዝለትም፣ ቀድሞ የተሰለፈ ይገባል። ከስዋን ኳርተርና ከሲዳር አይላንድ የሚነሱት ጉዟቸው ረጅም ነው፣ ይከፈልባቸዋል፣ ቦታም ቀድሞ መያዝ ይሻላል። «በሃተራስ ሂዱ፣ ግን ናግስ ሄድ ላይ ቤንዚን ሞልታችሁ ውረዱ» አለኝ። «ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ መንገድ 12 ክፍት መሆኑን እዩ፣ ነፋስ ከነበረ አሸዋ ይለብሳል፣ ባሕሩም ይወጣበታል፣ ይዘጋል።» ቀጠለና፣ «ባሕር ዳር አሸዋው ላይ መኪና ሲነዳ ታያላችሁ። እነሱ ፈቃድ አውጥተው ነው፣ መኪናቸውም ለዚያ የሚሆን ነው። እናንተ አሸዋ ላይ ካወጣችሁት ኢንሹራንሱም የለም፣ እኔም የለሁም» አለ። እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ቁልፍ ልንቀበል የሄድን ቀን ስልኬን እንዳወጣ አደረገኝ። «ቪዲዮው በእኔ ሳይሆን በአንቺ ስልክ ይሁን» አለ። መኪናውን እየዞረ ጭረቶቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ «ይቺ ነበረች፣ ይቺም ነበረች» እያለ አስቀረጸኝ። ያ የፓራውልት ነገር ትዝ ብሎኝ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ከዚያ ስኮርታውን ጎትቶ አወጣ። አዳዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ አይኖራቸውም አሉ፣ እሱ ግን ራሱ ገዝቶ ነው የሚያስቀምጠው። በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። በዚያ አላመነም፣ መለኪያ አምጥቶ ለካው፣ ትንሽ ነፋው። ከክሪኩ ጎን ደግሞ የታጠፈ የማዳበሪያ ከረጢት አለ። ውስጡ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራትና አንዲት የመጽሐፍ ስፋት ያላት ወፍራም ጣውላ። ጣውላዋ ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኩም። እናቴ ግን «ይሄ ልጅ ማገዶም ይመርቃል እንዴ?» ብላ አሳቀችን።

መንገዱን ብዙ አላወራችሁም። 95 የሚባለው አውራ ጎዳና ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ያው እንደምታውቁት ነው፣ ቆመን ነው የሄድነው። ሃምፕተን ሮድስ ላይ ከውኃ ሥር ያለው ዋሻ ውስጥ ስንገባ እናቴ ማማተብ ጀመረች፣ እስክንወጣ አላቆመችም። ከናግስ ሄድ ወዲያ ነው ነገሩ የሚለወጠው። መሬቱ እየቀጠነ ሄዶ በግራ አትላንቲክ፣ በቀኝ ፓምሊኮ ሳውንድ (በደሴቶቹና በዋናው ምድር መሀል ያለው ውኃ)፣ መሀል እናንተና አንድ መንገድ ብቻ ትቀራላችሁ። ኦሪገን ኢንሌት ላይ በ2019 የተከፈተ ረጅም ድልድይ አለ። ሮዳንቲ ጋ ደግሞ ባሕሩ አስፋልቱን እየበላ ስላስቸገረ በ2022 በሳውንዱ በኩል በውኃው ላይ አዙረው ሌላ ድልድይ ከፈቱ። እዚያ ሰፈር እኮ ባሕሩ ቤት ጭምር ነው የሚወስደው። እናቴ ስትሰማ «ታዲያ ለምን አይነሱም?» ትላለች። እኔ ምን ልበላት።

ከሳልቮ ወደ አቮን ስንወርድ፣ ቤት የለ ምን የለ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ ምልክት በራ። ወዲያው መኪናው ማነከስ ጀመረ። ጎማው ተንፍሷል። ዳር ያዝን። ዳሩ አሸዋ ነው። ነፋሱ በር አያስከፍትም።

ደወልኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ወዲያው አነሳ። ከኋላው እልልታና ከበሮ ይሰማል፣ ሰርግ ላይ ነው። «ሁላችሁም ደህና ናችሁ? ልጆቹን ከመንገዱ አርቂያቸው፣ እናታችንም ይውረዱና ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ። ከዚያ በቪዲዮ ደውዪልኝ» አለ። ከበሮው እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል፣ ደጅ ወጥቶልናል። ባለቤቴ ክሪኩን መኪናው ሥር ሊያስገባ ጎንበስ ሲል ከስልኩ ውስጥ «ቆይ ቆይ! ጣውላዋ የታለች?» አለ።

ጣውላዋ! ለካ ክሪክ አሸዋ ላይ ሲቀመጥ መኪናውን አያነሳም፣ ራሱ ይሰምጣል። እቺ እኛ ማገዶ ያልናት ነገር ሥሩ ስትገባ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከረጢቱ ለመንበርከኪያ ሆነ። ሰውዬው ወዴት ናችሁ ብሎ የጠየቀኝ ለወሬ አልነበረም። አሸዋ እንዳለ አውቆ ለአሸዋ አዘጋጅቶን ነው የላከን። እንዲህ የሚያስብ አከራይ የት አለ? እኔ አላየሁም።

ብሎኖቹ እንዴት እንደሚጠብቁ አትጠይቁኝ፣ አንዱን ከወዲህ አንዱን ከወዲያ እያለ ባለቤቴን ሲመራው ሰምቻለሁ፣ አልገባኝም። አንዴም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ትንሹ ልጄ ማልቀስ ሲጀምር ሰማውና «ጎበዜ፣ ና ወደዚህ። ብሎኖቹን ያዝልኝ፣ አንድ እንዳይጠፋ አንተ ነህ የምትቆጥረው» አለው። ልጄ ኮፍያውን አውልቆ ብሎኖቹን ሰብስቦ እንደ ሙዳየ ምጽዋት ይዞ ቆመ። ለቅሶው ቀረ። አባቱ አንድ ሲጠይቀው አንድ ያቀብላል፣ ስንት እንደቀረ ይናገራል። አሁንም ድረስ «መኪናውን የሠራሁት እኔ ነኝ» ነው የሚለው።

እናቴ ማቀዝቀዣው ሳጥን ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋ እየተውለበለበባት፣ «ስልኩን ስጡኝ» አለች። «ልጄ፣ ሰርግ ላይ ነህ አሉ። በል ግባና ሰርግህን ብላ፣ እኛ እንወጣዋለን።» «እማማ፣ እርስዎ መኪናው ውስጥ ሳይገቡ ምግቡ እንዴት ይወርድልኛል?» አላት። ከዚያ በኋላ የወረደለትን ምርቃት ብጽፈው ገጹ አይበቃም።

በዚህም አልቆመም። ስኮርታው ለረጅም መንገድ እንደማይሆን ነግሮን፣ እዚያው ሃተራስ ደሴት ላይ ጎማ የሚሠራ ሰው በስልክ አፈላልጎ አድራሻውን ላከልን። «ፌሪው ላይ ሳትወጡ አስጠግኑት፣ ከተሻገራችሁ በኋላ ብትቸገሩ ይብሳል።» ስንደርስ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ደጅ ቆመው ይጠብቁናል፣ አሮጊት እናት እንዳለች ተነግሯቸዋል። ምስማር ነቀሉለት፣ ደፈኑት፣ ጨረሱ። ልከፍል ስል «ተከፍሏል» አሉኝ። ከሰርግ ቤት ሆኖ በራሱ ካርድ ከፍሏል! እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፣ ሽማግሌው ደንግጠው ውኃ ሰጡኝ።

ፌሪው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ኦክራኮክ ደስ ይላል፣ ሂዱ። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፣ ሰው በጎልፍ ካርትና በብስክሌት ነው የሚዞረው፣ በ1823 የተሠራ ነጭ የመብራት ማማ አለ። እናቴ ባሕሩን አይታ «ይሄ ሁሉ ውኃ ጨው ሆኖ ምን ያደርጋል» አለች። ጾም አልነበረም፣ በዓለ ሃምሳ ነው፣ ግን ሸርጣንና ኦይስተር ስታይ «ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አልነካም» ብላ ሽሮዋን ሠራች። ሁላችንም እሱን በላን።

ስንመለስ ምንጣፉ ውስጥ የቀረው አሸዋ አሳፍሮኝ ይቅርታ ስጠይቅ «ባሕር ሄዳችሁ ምን ይዛችሁ ልትመጡ ነበር?» አለኝ። የጎማውን ልክፈል ብዬ ብሞት አልቀበልም አለ። «ጎማው የእኔ፣ ምስማሩ የመንገዱ፣ አንቺ ምን አገባሽ?» የቶሉን ሂሳብ በኋላ ላከልኝ፣ መንገዱ የጠየቀውን ብቻ፣ ከነማስረጃው፣ ሳንቲም ሳይጨምር።

ከሁሉም ርካሽ ነው አልላችሁም። ኢንተርኔት ላይ የሚታየው ዋጋ ከእሱ ዝቅ ሊል ይችላል። የዚያን ርካሽ መጨረሻውን ግን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። እባካችሁ እሱን ያዙት። እንዲህ ያለውን ሰው እኛ ካልደገፍነው ማን ይደግፈዋል? ያሉት መኪኖች ብዙ አይደሉም፣ ሜሞሪያል ዴይና ጁላይ 4 ሲደርስ ቶሎ ያልቃሉ፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። የምትሄዱበትንም በትክክል ንገሩት፣ የልጅ ወንበር ካስፈለጋችሁም አብራችሁ ጥቀሱለት። ማን ላካችሁ ካለ ደግሞ «ከሰርግ ያስወጡህ እናት ልጅ ናት» በሉት፣ ያውቀናል።