የአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በረራ፦ በስተግራ ተቀመጡ

ባለፈው ጥቅምት እማዬን ይዤ አርባ ምንጭ ደርሼ መጣሁ። እማዬ ወላይታ ሶዶ ነው ያደገችው። ያንን አገር ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው በአውቶቡስ መስኮት ነው፣ አውሮፕላን ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። እንቅልፍ ለመተኛት ከሆነ የምትሄዱት ባትከፍሉ ይሻላል።

የሚበረው ኪው 400 የሚባለው ባለ ፕሮፔለሩ ነው። ትንሽ ነው ብላችሁ አትፍሩ፣ ለማየት የሚመቸው እሱ ነው። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ስታዩ አይጋርዳችሁም፣ እንደ ትልልቆቹ ጄቶችም ያን ያህል ሽቅብ ስለማይወጣ አስፋልቱን፣ የማሳውን ድንበር፣ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሁሉ ትለያላችሁ። ፕሮፔለሩ ትይዩ ካለው ወንበር ግን ራቁ። ጫጫታው አያስወራም፣ ሞተሩም እይታውን ይዘጋል። ወደ ኋላ ጠጋ በሉ።

ከቦሌ ተነስተን ብዙም ሳንቆይ በግራ በኩል ዝቋላ ብቻውን ቆሞ ታየን። ከዚያ ዝዋይ መጣ፣ ከዚያ ቡናማው ላንጋኖ፣ አጠገቡ አብያታና ሻላ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከላይ ሲታይ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ጠቁሮ ነው። አብያታን ሳይ ግን ሆዴ ባር ባር አለ። ዳር ዳሩ ሰፊ ነጭ ሆኗል፣ ውሃው ሲሸሽ ጥሎት የሄደው ሶዳ ነው። መኪና አቁሜ ስንት ጊዜ ከዳሩ ቆሜ አይቼዋለሁ፣ ይህን ያህል ማነሱን ግን ያወቅኩት አሁን ነው።

አባያ ደግሞ ቀይ ነው። ወንዞቹ ከደጋው ጠርገው ያመጡት አፈር ነው እንዲህ ያቀላው። አውሮፕላኑ ለማረፍ ሲዞር ወዲያ ማዶ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ፣ በመሃላቸው ያች የእግዜር ድልድይ የሚሏት መሬት። ሁለት ሐይቅ ጎን ለጎን፣ አንዱ ቀይ አንዱ ሰማያዊ! ይህቺን ደቂቃ ብቻ ለማየት ደግሜ እከፍላለሁ። ወዲያው ከሞተሩ ሥር ጎማው ተዘርግቶ ሲወጣ እማዬ እጄን ጭምቅ አድርጋ «ምን ተፈታ?» አለችኝ። ጎማው ነው፣ ልናርፍ ነው አልኳት። በሩ ሲከፈት ወበቁ ተቀበለን፤ ከ2,300 ሜትር ወደ 1,200 አካባቢ ነው የወረድነው፣ ጆሮ ይደፍናልና ለልጆች ከረሜላ ያዙ።

የጠዋቱን በረራ ምረጡ። ከሰዓት በኋላ ሸለቆው ሲሞቅ አውሮፕላኑን ይንጠዋል፣ ጭጋግም ይኖራል። ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው፣ መሬቱም አረንጓዴ ነው።

ሲመለሱም ግራውን ያዙ። ሐይቆቹን በመሄጃው አይታችኋል፣ አሁን ተራው የተራሮቹ ነው። የጉጌ ሰንሰለት፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ የጉራጌ ተራሮች። መስኮቱን ለእማዬ ሰጠኋት። መጀመሪያ ዝም ብላ ነበር፣ ትንሽ ቆይታ ክንዴን መታ መታ አደረገችኝ። «ዳሞታ! ዳሞታ እኮ ነው!» ከሥሩ ያደገችበትን ተራራ ቁልቁል እያየችው ነበር። ሶዶ ከኋላችን እስክትቀር ድረስ ጣቷን ከመስታወቱ ላይ አላነሳችም።