ያገለገለ ቢዋይዲ ኢ2 ጅማ ላይ፦ መኪናው ደህና ነው፣ ያስቸገረው ሶኬቱ ነው

«ማታ ቤትህ ትሰካዋለህ፣ ጠዋት ሞልቶ ታገኘዋለህ፤ ልክ እንደ ሞባይል።» ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይህችን ነገር በቃሉ ይዟታል። መኪናውን ጅማ ላይ ለወራት ከያዝኩ በኋላ ለዚህ ሻጭ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ የትኛው ሶኬት ላይ?

ስለ መኪናው ቶሎ ልጨርስ፣ ብዙ የሚወራበት ነገር የለውምና። ቢዋይዲ ኢ2 ነው፤ ባትሪው 43.2 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ ዓይነቱ ሊቲየም አይረን ፎስፌት። የቻይናው ወረቀት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላል፤ ሩቡን ቀንሳችሁ አስቡ። ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ፈረንጅ አራዳ፣ ከዚያ መርካቶ፣ ከዚያ ኮቺ ለሚመላለስ ሰው ይህ ከበቂ በላይ ነው። አጋሮ ደርሶ መመለስ 90 ኪሎ ሜትር ግድም ስለሆነ አያሳስብም። ከመሬት ዝቅ ያለ ነው፤ ኮብልስቶን ያልደረሰው መንደር ውስጥ በክረምት ሆዱን ይመታል። ጂሬን አናት ላይ የሚኖር ሰው ባትሪውን 100 አድርጎ ቁልቁለቱን ከጀመረ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን መሙላት ስለማይችል ፍሬኑ ላይ ይጫናል፤ 90 ላይ ማቆም ነው። በቃ፣ ስለ መኪናው ይኼው።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ።

ቻርጀሩ ሲሰካ ገመዱ መሐል ያለችው ሳጥን አረንጓዴ ማብራት ሲገባት ቀይ ብልጭ ብልጭ ትላለች። መኪናው ዝም። ሻጩ ጋ ሲደወል «ቻርጀሩ ተበላሽቶ ይሆናል፣ ሌላ ግዛ» ይላል። ቻርጀሩ ምንም አልሆነም፤ ሥራውን እየሠራ ነው። ከሶኬቱ ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከን ከረንት ወደ መሬት የሚያወርደውን መስመር፣ ፈልጎ አጣ፤ ግራውንድ ሳያገኝ ደግሞ ከረንት አያሳልፍም።

ብሬከሩን አጥፉና ሶኬቱን ፍቱት። ከፊት ሲያዩት የግራውንድ ብረቶቹ ከላይም ከታችም አሉ። ከኋላ የመጣው ግን ሁለት ሽቦ ብቻ ነው፤ ከረንቱን የሚያመጣው ፌዝና የሚመልሰው ኒውትራል። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ካቻቪቴ አልነካውም፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል። ቆየት ያሉ ቤቶች፣ በተለይ የጭቃ ግድግዳ ያላቸው፣ በብዛት እንዲህ ናቸው። ቴሌቪዥንና ቻርጅ መብራት ግራውንድ ኖረም አልኖረም ስለሚሠሩ ለዓመታት ማንም ልብ አይለውም።

ቻርጀሩ የሚያከርረው ያለ ምክንያት አይደለም። መኪና ማለት ጎማ ላይ የተቀመጠ ትልቅ ብረት ነው። በቻርጅ ጊዜ ወደ ቦዲው የሚያፈተልክ ከረንት ቢኖር፣ ግራውንድ ካለ ወደ መሬት ወርዶ ብሬከሩን ያስቆርጣል፤ ከሌለ በሩን የሚከፍተውን ሰው ይጠብቃል። ሐምሌ ላይ ጅማ ውስጥ ያ ሰው እግሩ እርጥብ ጭቃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ «መፍትሔ» ይዞ የሚመጣ ባለሙያ አይጠፋም፦ ኒውትራሉን ከግራውንዱ ብሎን ጋር በቁራጭ ሽቦ ማገናኘት። ቻርጀሩ ይታለላል፣ አረንጓዴው ይበራል፣ ሂሳብ ይከፈላል። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ባለው መስመር ላይ ኒውትራሉ አንድ ቀን በነፋስ ወይም በዛገ ማያያዣ ምክንያት ቢለቅ፣ የመኪናው ቦዲ በሞላ 220 ቮልት ይሸከማል። ፌዝና ኒውትራል ተገላብጠው በታሰሩበት ቤትማ መልቀቁም አያስፈልግም፤ ገና ሲሰካ ቦዲው ላይ ነው። ይህን ሐሳብ ያመጣውን ሰው ሻይ ጋብዛችሁ በሰላም ሸኙት።

ትክክለኛው መንገድ መሬት ውስጥ የግራውንድ ዘንግ መትከል ነው። መዳብ የተለበጠ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ከ1.5 ሜትር የማያንስ፤ 2.4 ሜትር ከተገኘ እሱን ውሰዱ። ብዙ ቦታ ፌሮ ቆርጠው ይተክላሉ። ርካሽ ነው፣ ግን ይዝጋል፤ ዝገቱ ማሰሪያው ሥር ገብቶ ግንኙነቱን ይበላዋል። የውሃ ቧንቧ ላይ ማሰርም የድሮ ልማድ ነው፤ አሁን የሚቀበረው ቧንቧ ፕላስቲክ ስለሆነ መሬት ውስጥ ምንም ነገር ጋር አይገናኝም። ከዘንጉ እስከ ብሬከር ሳጥኑ 10 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) የሆነ ቢጫና አረንጓዴ የመዳብ ሽቦ ይሄዳል፣ ማሰሪያውም የነሐስ ይሁን።

የጅማ ቀይ አፈር ሸክላነት ስላለው እርጥበት ይይዛል፤ ለግራውንድ ከአሸዋማ አገር አፈር እጅግ የተመቸ ነው። የሚያታልለው ወቅቱ ነው። ነሐሴ ላይ የተለካ ግራውንድ ሁሉ ጥሩ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት የላይኛው አፈር ሲደርቅ ልኬቱ (በኦም ነው፣ ዝቅ ሲል ነው ጥሩ) ይወጣል፣ ቀዩ መብራትም ይመለሳል፤ ሰው ደግሞ «ቻርጀሩ እንደገና ተበላሸ» ይላል። ስለዚህ ዘንጉ ልብስ የሚታጠብበት ወይም የቧንቧ ውሃ የሚፈስበት፣ በበጋም የማይደርቅ ቦታ ይተከል። በፍርስራሽና በቆሻሻ የተሞላ መሬት ላይ አይሆንም፤ ውስጡ ክፍተት ነው። ጉድጓዱ ውስጥ ጨውና ከሰል መሙላት የሚወዱ አሉ። ከሰሉ ግድ የለም። ጨው ግን ልኬቱን ለጥቂት ጊዜ ያወርድና ዘንጉን እየበላ ይቆያል፤ በዚህ ከተማ ዝናብ ደግሞ ራሱም ታጥቦ ይሄዳል። ልኬቱ አልወርድ ካለ ጨው ከመጨመር ሁለተኛ ዘንግ መጨመር ነው፣ ከመጀመሪያው ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት ያህል ርቆ።

የግራውንድ መለኪያ ያለው ባለሙያ ከተገኘ ከ10 ኦም በታች በጣም ጥሩ ነው፤ 50 ድረስም ከ30 ሚሊ አምፒር ሊኬጅ ብሬከር (ከረንት ሲያፈተልክ የሚቆርጥ) ጋር ይሠራል። መለኪያ ከሌለ መልቲሜትር ብቻ ይዞ «220 አሳይቷል፣ ግራውንድህ አሪፍ ነው» የሚለውን አትመኑ። መልቲሜትር የሚስበው ከረንት ከምንም ስለማይቆጠር መጥፎ ግራውንድም 220 ያሳየዋል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በፌዝና በግራውንድ መሐል ያስገባ፦ እንደወትሮው ቦግ ካለ ተስፋ አለው፤ ከደበዘዘ ዘንጉ መሬቱን አልያዘም። ይህን ሲያደርግ ዘንጉ አጠገብ ማንም አይቁም፣ ልጆችም ይራቁ። ሊኬጅ ብሬከሩ ከተገጠመ በኋላ ይህ ሙከራ ስለሚቆርጥ ከመግጠሙ በፊት ነው የሚሠራው።

ግራውንዱ ተተከለ እንበል። ሻጩ አሁንም አልጨረሰም፦ «ምጣድ የሚሸከም ቤት መኪናም ይሸከማል።» ግማሽ እውነት ነው፣ የሚያቃጥለውም ግማሹ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ በ16 አምፒር የሚሞላ መኪናም 3.5 ኪሎ ዋት ነው። ቁጥሩ ይመሳሰላል። ምጣድ ግን እየሞቀ እየቆረጠ ሁለት ሰዓት ያህል ይሠራና ያርፋል። መኪናው ከ20 በመቶ እስከ 100 ለመሙላት፣ የሚባክነው ተጨምሮበት፣ 11 ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ይስባል። ሽቦውና ሶኬቱ ለመቀዝቀዝ ጊዜ የላቸውም። የላላ ብሎን ካለ ሌሊቱን ሙሉ ይጋገራል፤ ጠዋት ሶኬቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቡናማ ቀለበት ታያላችሁ፣ ሽታውም አለ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ማስኬድማ ከ30 አምፒር በላይ ስለሚሆን ዋናውን ብሬከር ይጥላል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን መኪናው ተራውን ይጠብቃል፤ ይኼን ከቤት ሰው ጋር ቀድሞ መነጋገር ነው።

ስለዚህ መኪናው የራሱ መስመር ይኑረው። ከብሬከር ሳጥኑ 4 ካሬ የመዳብ ሽቦ፤ ርቀቱ ከ20 ሜትር ካለፈ 6 ካሬ። 20 አምፒር ብሬከርና ሊኬጅ ብሬከር። መጨረሻው ላይ ተራ የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን ሰማያዊው ኢንዱስትሪያል ሶኬት፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ዝናብ በማይደርስበት። የቻይና ቻርጀር መሰኪያው ጠፍጣፋ ስለሆነ ብዙ ሰው ርካሽ አዳፕተር ይጠቀማል፤ መጀመሪያ የሚቀልጠው እሱ ነው። መሰኪያውን በኢንዱስትሪያል መሰኪያ አስቀይሩት። ኤክስቴንሽን ጭራሽ አይታሰብ። ከዚያ ቻርጅ በጀመረ በሰዓቱ ሶኬቱን በእጅ ጀርባ ንኩት፦ ሞቅ ማለት ያለ ነው፤ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አጥፉ፣ ብሎኖቹን አጥብቁ።

የቮልቴጁ ነገር አለ። ምሽት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ላይ ስለሆነ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ 180 አካባቢ ሲደርስ ቻርጀሩ ማቋረጥና መጀመር ያበዛል። እያንዳንዱ መቋረጥ ውስጡ ያለውን ሪሌ፣ ከረንቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ማብሪያ፣ ይበላዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ መጀመር፣ ወይም ቻርጀሩ ማስተካከያ ካለው ወደ 8 ወይም 10 አምፒር ማውረድ ነው። ሌላው መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቮልቴጅ ይወዛወዛል። ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባ የቮልቴጅ መከላከያ አለ፤ ከ180 በታችና ከ250 በላይ እንዲቆርጥ፣ መብራት ሲመለስ 3 ደቂቃ እንዲጠብቅ ይሞላል። ለመኪና ብሎ ትልቅ ስታቢላይዘር የሚሸጥላችሁን ግን እለፉት። ከተማችን ግልገል ጊቤ አጠገብ ናት፣ ማመንጫው 184 ሜጋ ዋት ነው ብሎ የሚጽናና አለ፤ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ግን ያንን አያውቅም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው፤ የኔም ክርክር እዚህ ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አቅሙ ውስን የሆነ ሰውም ዓይኑ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ላይ ነው። ሻጩ ያለችውን ሳንቲም ሁሉ ለመኪናው እንዲያፈሳት ይገፋፋዋል፦ «ትንሽ ጨምርና ሰንሩፍ ያለውን ውሰድ።» ሰንሩፉ ቻርጅ አያደርግም። ዘንጉ፣ ሽቦው፣ ብሬከሮቹ፣ ሶኬቱና የባለሙያው የእጅ ዋጋ ከመኪናው በጀት ላይ አስቀድሞ ይነሳ፤ በቀረው የሚገዛው ይገዛ። ተከራይ ከሆናችሁ አከራዩ ዘንግና መስመር እንዲያስገባ መፍቀዱን ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፤ ቆጣሪው የጋራ ከሆነም በመኪናው መስመር ላይ ትንሽ ቆጣሪ አስገቡ። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 170 ኪሎ ዋት ሰዓት ግድም ይጨምራል፤ ታሪፉ ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ወደ ላይኛው እርከን ስለሚሄድ ጭቅጭቁ ከዚያ ይመጣል።

ይቆጫል ወይ? አይቆጭም። ነዳጅ ማደያ ያለውን ሰልፍ በመስኮት እያዩ ማለፍ ብቻውን ብዙ ያስረሳል። ቀዩ መብራት ብልጭ ሲል ግን ሁሉንም ነገር ይዤ ሻጩ በር ላይ ብጥለው ደስ ይለኝ ነበር።

አዲስ አበባ ሄዳችሁ የምትገዙ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቻርጅ ለማምጣት አትወራረዱ፤ የጊቤ ሸለቆን መውረድ ቀላል ነው፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለው ዳገት ነው ባትሪውን የሚጠጣው። በሎቤድ (መኪና በሚጭን ተሳቢ) ማስጫን አያሳፍርም። ከመግዛት በፊት ከ80 ወደ 30 በመቶ እስኪወርድ ከተማ ውስጥ ረጋ ብላችሁ ንዱት፤ ጤነኛ ባትሪ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ ያስኬዳል፤ ከ120 በታች ከሆነ ዋጋው ላይ ወይም እግራችሁ ላይ ወስኑ። ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ያረጀች ከሆነች አስቀይሯት፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሞልቶም መኪናው አይነሳም።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ሻጩ ፈጣን ቻርጀር ላይ ሰክቶ «ይኸው ይሞላል» ሲላችሁ አትቀበሉ። ፈጣኑ ቻርጀር በቀጥታ ባትሪው ውስጥ ነው የሚገባው፤ ቤት ስትሰኩ የሚሠራው መኪናው ውስጥ ያለው ቻርጀር ግን ያን ጊዜ ተኝቷል፣ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። እሱን ማስቀየር ደግሞ የግድግዳውን ሥራ ሁሉ የሚያስንቅ ወጪ ነው። ይዛችሁ የምትሄዱትን የቤት ቻርጀር፣ ግራውንድ ባለው ሶኬት ላይ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሰኩት፤ መቶኛው ከ6 እስከ 8 ቁጥር መውጣት አለበት፣ በ8 አምፒር ከሆነ 3 ወይም 4። ሻጩ ለመጠበቅ ጊዜ የለኝም ካለ መኪናውን እዚያው ተዉለት።