«አይበሳም» ተብሎ የተሸጠልኝ የትራክተር ጎማ

እውነት ለመናገር ጎማው አልተበሳም። ሻጩ «12 ፕላይ ነው ጋሼ፣ እሾህ ምን አባቱ!» ብሎኝ ነበር። ቃሉን ጠብቋል። የግራር እሾህም ድንጋይም አልደፈረውም፤ ተቆርጦ እንደ ጦር የቆመው የበቆሎ አገዳም ጭረት ነው የተወበት። እኔን ጉድ የሠራኝ ከውስጥ ነው።

ትራክተሬ ማሲ ፈርጉሰን 385 ነው፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳው። አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ ለስንዴ እናርስበታለን፤ የራሳችን ሲያልቅ በሄክታር ለሰው እንሠራበታለን። የኋላ ጎማው መጠን 18.4-30 ነው። አብሮት የመጣው ጥርሱ አልቆ መላጣ ስለሆነ በልግ ሳይገባ ጥንዱን ቀየርኩ። የአዲሱን ስም አልጠራም። ከእስያ የመጣ ባያስ ነው (ውስጡ ያሉት ክሮች በሰያፍ የተጠላለፉበት)፣ በካላማደሪያ የሚሠራ።

በልጉን ያለ ችግር አለፈ። ክረምቱ ገብቶ ጥቁሩን አፈር በባለ ሦስት ዲስክ ማረሻ ስንገለብጥ ኦፕሬተሩ ደወለ። «ጋሼ፣ የግራው ውሃ እየረጨ ነው።» እኛ ጋ የኋላ ጎማ ክብደት እንዲኖረው ውሃ ይሞላል፤ ከ200 ሊትር በላይ ይጠጣል። ስደርስ ጎማው ተንፍሶ ቁጭ ብሏል፣ ከሥሩ ኩሬ ሠርቷል። ተበሳ ብዬ ዞሬ ዞሬ ባየው ምንም የለም። ጎሚስታው ሲፈታው ካላማደሪያው አዲስ ነው፣ ሆዱም ጀርባውም ደህና ነው። ቫልቮላው ብቻ ከሥሩ ተገንጥሏል።

«ጎማው ቸርኬው ላይ እየዞረ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎማ ቸርኬውን የሚይዘው በከንፈሩ፣ ማለትም ቸርኬው ላይ በሚቀመጠው የውስጥ ጠርዙ ነው። ከንፈሩ ጥብቅ ካላለ ትራክተሩ በከባድ ማርሽ ሲጎትት ቸርኬው ይቀድማል፣ ጎማው ወደኋላ ይቀራል። ካላማደሪያው ከጎማው ጋር ይሄዳል። ቫልቮላው ግን በቸርኬው ቀዳዳ ስለወጣ መሄጃ የለውም። መጀመሪያ ያዘነብላል፣ ከዚያ ይገነጠላል።

አዲስ ካላማደሪያ አስገባን። ከጎማው ጎን እስከ ቸርኬው በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ፣ በግራም በቀኝም። ማታ ላይ የቀኙ መስመር እንዳለ ነው። የግራው ለሁለት ተከፍሏል። የጎማው ክፋይ ከቸርኬው ክፋይ አራት ጣት ርቋል፤ ቀጥ ብሎ የነበረው ቫልቮላም ጋደም ብሏል። ንፋሱን አውጥተን፣ ከንፈሩን አላቅቀን፣ መልሰን ገጠምነው። በሚቀጥለው ቀን ያው። ቫልቮላ ሲገነጠል ደግሞ ውሃው አብሮ ይሄዳል፣ በጀሪካን ውሃ ማመላለስ ይመጣል። የሰኔን ቀን ለዚህ ማዋል ምን ማለት እንደሆነ የሚያርስ ያውቀዋል።

ሻጩ እዚህ ላይ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ንፋስ አሳንሰህ ነው» ይላል። አንተ አይደለህ እንዴ «ጭቃ ላይ ቀነስ አድርገው፣ መሬት ይይዝልሃል» ያልከኝ? ቀነስ ማድረግ ለመያዝ ጥሩ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ግን ንፋስ ሲያንስ ከንፈሩ ቸርኬው ላይ የሚጫንበት ኃይልም ያንሳል። ከፍ አድርጌ ሞከርኩት። መዞሩ ቀነሰ፤ ትራክተሩ ግን ጭቃው ላይ መንሸራተት ጀመረ፣ ደረቅ ላይ ደግሞ ይዘላል። ናፍታውን ለጭቃ ማቡኪያ ገዛሁት ማለት ነው።

«ቸርኬህ አርጅቷል» ይላል ቀጥሎ። ቸርኬው ያው የድሮው ነው። የፊተኛው ጎማ እዚያው ላይ ጥርሱ እስኪያልቅ ሲሠራ ንቅንቅ አላለም። ለማንኛውም ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት አጸዳነው። «ጎሚስታህ ከንፈሩን ዘይት ቀብቶት ነው» ሊልም ይችላል። ይሄ እንኳ ያለ ነገር ነው፤ ጎማ ቶሎ እንዲገባላቸው የተቃጠለ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ ጎማውንም ይበላዋል። የኔ ጎሚስታ በሳሙና ውሃ ነው የሚሠራው። «ጭነት በዝቶበት» ካለኝ ደግሞ እስቃለሁ። በኛ ማረሻ ስታርስ የቀኙ ጎማ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ትራክተሩም ወደሱ ይጋደላል። ጭነት ቢሆን መዞር የነበረበት የቀኙ ነው። እሱ ደግሞ እንደ ሐውልት ቆሟል። አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀን የተገዛ። የግራው ከንፈር ሰፍቶ ነው የተሠራው፣ አለቀ።

ስለዚህ ፕላይ ብቻ እየቆጠራችሁ አትግዙ። 12 ፕላይ ማለት 12 ድርብ ማለትም አይደለም፤ የጥንካሬ ደረጃ ነው፣ ውስጡ ያለው ድርብ ከዚያ ሊያንስ ይችላል። ከቻላችሁ ቸርኬውን ጭናችሁ ሂዱና እዚያው አስገጥሙ። ከንፈሩ በእጅ ተገፍቶ ጥግ የሚደርስ ከሆነ ተዉት። ንፋስ ሲሞላ ጧ ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት። ጎኑ ላይ ያለችውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥርም እዩ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመት ናቸው። በፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። አንዱ ጎረቤቴ 22 የሚለውን አይቶ «ይሄማ ገና አልተሠራም» ብሎ አስቆናል።

ጥርሱን ከጠየቃችሁኝ ጎበዝ ነው። አስፋልት ላይ ተሳቢ እየጎተተ ብዙ ተመላልሷል፣ ያም ሆኖ ብዙም አልተበላም። ጎኑ ላይ የፀሐይ ስንጥቅ የለም። ሌላ ሰው እጅ ቢገባ ምናልባት ያመሰግነው ነበር። እኔ ግን የግራውን ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጎረቤት ያለ ትራክተር ቱብለስ ራዲያል ነው የገጠመው (ያለ ካላማደሪያ የሚሠራ፣ ክሮቹም ከከንፈር እስከ ከንፈር ቀጥ ብለው የሚሄዱ)፣ 460/85አር30፤ ከኔው 18.4-30 ጋር የሚመጣጠነው ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ጎኑም ከባያሱ ይልቅ ለስላሳ ስለሆነ ድንጋይ ያሰጋዋል። ግን ቱብለስ ላይ ቫልቮላው የታሰረው ቸርኬው ላይ ነው። ጎማው ቢዞር እንኳ የሚገነጥለው ነገር የለም። ለኔ ይሄ አንዱ ብቻ በቂ ነው፤ ስለ ናፍታ ቁጠባው የሚያወሩትን ገና አልሰማሁም፣ መስማትም አያስፈልገኝም። ያረጀ ቸርኬ ንፋስ ስለሚያሳልፍ ግን ቸርኬዎቹን መጀመሪያ አስፈትሻለሁ።

የሚያናድደው የቀኙ ነው። ራዲያልና ባያስ አንድ አክስል ላይ አይጣመሩም፣ መሬት የሚረግጡበት መንገድ አንድ አይደለም። ስለዚህ ምንም ያላጠፋው አብሮ ይወርዳል። የሚፈልግ ካለ የቀኙን ለብቻው እሸጣለሁ፣ ጥርሱ ገና ነው። የግራውን ግን በነጻም ለሰው አልሰጥም።