ሪንግ ወይስ ሄክት፦ ዩቢኩዊቲንን ማን ያስረክባል?

አንድ ፕሮቲን ፕሮቲያዞም በተባለው የሕዋስ ፕሮቲን ማፍረሻ ከመፍረሱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ 76 አሚኖ አሲዶች ያሉት ዩቢኩዊቲን የተባለ ትንሽ ፕሮቲን በሰንሰለት ይለጠፍበታል። ልጠፋውን የሚመሩት ኢ3 ኢንዛይሞች ናቸው፤ ሪንግና ሄክት የተባሉት ክፍሎቻቸው ግን መንገዳቸው ለየቅል ነው።

ሪንግ ደላላ ነው። ቅርጹን አብዛኛውን ጊዜ በሁለት የዚንክ አየኖች አጽንቶ፣ ዩቢኩዊቲን የተሸከመውን ኢ2 ኢንዛይም ከዒላማው ፕሮቲን ጋር ያገናኛል፤ ዕቃው ግን በእጁ አያልፍም። ስለዚህ የሰንሰለቱን ዓይነት የሚወስነው በአብዛኛው ኢ2 ነው።

ሄክት በአንጻሩ መጀመሪያ ራሱ ይረከባል። 350 ገደማ አሚኖ አሲዶች ያሉት ይህ ክፍል ሁለት አንጓዎች አሉት፤ አንደኛው ኢ2ን ይይዛል፣ በሌላኛው ላይ ያለው ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ዩቢኩዊቲኑን ታዮኤስተር በተባለ፣ በድኝ በኩል በሚፈጠር ትስስር ተቀብሎ ለዒላማው ያስረክባል። ይህ አንድ ሲስቲን ከተለወጠ ርክክቡ ይቆማል። የሰንሰለቱም ዓይነት በዋናነት በራሱ በሄክት እጅ ነው።

በብዛት ሪንግ አቻ የለውም፦ በሰው ውስጥ ወደ 600 ይጠጋል፤ ሄክት 28 ብቻ። የካንሰር ተከላካዩን ፕሮቲን ፒ53 የሚቆጣጠረው ኤምዲኤም2 ከሪንግ ወገን ነው። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ግን ያንኑ ፒ53 ለማስፈረስ የሚጠልፈው ኢ6ኤፒ የተባለውን ሄክት ነው። መድኃኒት ለሚፈልግ ተመራማሪ እኔ የምመርጥለት ሄክትን ነው፤ ቢያንስ ዒላማ የሚሆን ግልጽ ሲስቲን አለው።