የ850 ብር የሳይክል ክላክስ፣ በኮምቦልቻ ሾፌሮች ላይ ሲሞከር

ካርቶኑ ላይ 120 ዴሲቤል ይላል፤ ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። ሻጩም ይህቺን ቁጥር እየደጋገመ ነው የሸጠልኝ፤ «ሲኖ ራሱ ዞር ይልልሃል» አለኝ። 1000 ብር ጠርቶ በ850 ተስማማን። ዕቃዋ የሻይ ብርጭቆ የምታክል ጥቁር ፕላስቲክ ናት። በላስቲክ ከሳይክሉ መሪ ላይ ትታሰራለች፣ በቀጭን ሽቦ የተያያዘችው ቁልፍ ከእጀታው አጠገብ ትቀመጣለች፣ በስልክ ቻርጀር ትሞላለች። አምስት ዓይነት ድምፅ አላት። እኔ የምፈልገው አንዱን ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ ውስጥ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ፤ ፈረቃ የምገባውም የምወጣውም በሳይክል ነው። ከተማችንን የሚያውቅ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። ከጅቡቲ መስመር በባቲ በኩል የሚገባው ተሳቢ፣ ከደሴ የሚወርደው ሚኒባስ፣ እጅ ባየ ቁጥር የሚቆመው ባጃጅ፣ ጋሪው፣ ገበያ የሚነዳው አህያ፣ ሁሉም ያንኑ አስፋልት ነው የሚሻማው። ለሳይክል የሚተርፈው ጠርዙ ነው፣ እሱም ባጃጅ እስኪቆምበት ድረስ።

ስለዚህ ክላክሷን ለሰላምታ አልገዛኋትም። ያለ ፍሬቻ የሚታጠፈውን፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚነዳውን፣ ደርቦ ሲቀድም ወደ ጠርዝ የሚገፋኝን ዝም ብሎ ማሳለፍ ሰልችቶኝ ነው። ሳይክል የምንነዳ ሠራተኞች ፈረቃ ስንቀያየር ሁሌም የምንከራከርበት ነገር ነው፤ ሕግ የጣሰ ሾፌር ይነገረዋል ወይስ ይታለፋል? አንድ አዛውንት ባልደረባችን «እሱ ብረት ላይ ነው፣ አንተ በሥጋህ ነህ፤ ምን አጨቃጨቀህ ልጄ» ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ የመኪናውን ጎን በመዳፍ መምታት ነው የሚቀናቸው። እኔ መሐል ላይ ነበርኩ። ክላክሷ መሐል ላይ ያለችውን መንገድ የምታሳየኝ መስሎኝ ነው ብሬን ያወጣሁት።

መጀመሪያ ስለ ዕቃዋ። ሙያዬ ስለሆነ ከፍቼ አየኋት። ውስጧ አንዲት ሊትየም ባትሪ፣ አንዲት ትንሽ ሰርኪት፣ ድምፁን የምታወጣ አንዲት ስስ ክብ ሳህን አሉ። ብየዳው ንጹሕ ነው፣ በዚህ ዋጋ ከጠበቅኩት በላይ። ድክመቷ የቻርጀሩ ቀዳዳ ክዳን ነው፤ ላስቲኩ ልል ስለሆነ በክረምት ውኃ ያስገባል። እኔ ከጎሚስታ ቤት ያመጣሁትን የከመነዳሪ ቁራጭ ደርቤበት ነው የምነዳው። ባትሪዋ ጥሩ ነው፣ ቶሎ አይወርድም።

አሁን 120 ዴሲቤል ወደሚለው ልምጣ። ካርቶኑ በምን ያህል ርቀት ላይ እንደተለካ አይጽፍም፣ ጉዳዩ ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ድምፅ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል። ልኬቱ ከአፏ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ የተወሰደ ቢሆን 1 ሜትር ላይ 100፣ 10 ሜትር ላይ 80 ይሆናል ማለት ነው። 80 ዴሲቤል መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ጩኸት ነው። መስታወቱን ዘግቶ፣ ሞተሩ እያጓራ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ለተቀመጠ የሲኖ ሾፌር ግን የለም ማለት ይቻላል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ይሰማል። የሻጩ ነገር ተገልብጦ ነው ያገኘሁት፤ ትንሹ ይሰማታል፣ የሚገድለው ትልቁ አይሰማትም።

ቢሰማስ? በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እኔ አይቼ፣ አውራ ጣቴን ወደ ቁልፏ ወስጄ፣ እሱ ሰምቶ፣ «ምንድን ነው?» ብሎ አስቦ፣ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ ነገሩ አልቋል። ሲኖ ላይ ደግሞ ሌላ አለ። አገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ከዞረች ወዲህ ሾፌሩ በግራ ወንበር፣ ሳይክሉ በቀኝ ጠርዝ ነው የሚሄደው። የረጅም መኪና ዋነኛው የማይታይ ቦታ በቀኝ በኩል፣ ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ነው። ልክ እኔ ያለሁበት። እዚያ ቆሞ ክላክስ መንፋት የማያይህን ሰው መሳደብ ነው፤ ፍሬን ይዞ ወደኋላ መቅረት ብቻ ነው የሚያዋጣው። መብቱ የኔ ነው አይደለም የሚለው እዚያች ቦታ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ሻጩም ካርቶኑም አልነገሩኝም፤ ፈረስ። ጋሪ አጠገብ ስትነፋ ፈረሱ ይበረግጋል። ባለጋሪው በጅራፉ ሳይሆን በአፉ ነው የገረፈኝ፣ ደግሞ እውነቱን ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ የነበረ ጋሪ መንገድ መሐል ዞሮ ቆመ። አህዮቹ ግን ግድ የላቸውም። የወሎ አህያ ከክላክስ ጋር አብሮ ያደገ ነው።

የመጣሁበት ዋናው ነገር ባጃጁ ነው። መነኸሪያው አካባቢ አንድ ባጃጅ ፍሬቻ ሳያሳይ ፊቴ ላይ ወደ ቀኝ ገብቶ ቆመ። ፍሬን ይዤ በአንድ እግሬ ቆምኩ፤ ከዚያም ክላክሷን ረጅም አድርጌ ነፋኋት። ልጁ ዞሮ «ምን አባህ ሆንክ፣ መንገዱን ገዝተኸዋል?» አለኝ። ተሳፋሪዋ ሴትዮ ሳንቲሟን ሰጥታ «ኧረ ተዉ፣ በአላህ» እያለች ወረደች። ሰው ሰበሰብን። እሱ ስለ ፍሬቻው አንዲት ቃል አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁለትም። የተጣላነው ስለ ክላክሱ ነበር።

ክላክስ ከጥፋቱ በፊት ሲነፋ ማስጠንቀቂያ ነው። ጥፋቱ ካለፈ በኋላ ሲነፋ ስድብ ነው፣ ሾፌሩም እንደ ስድብ ነው የሚቀበለው። 120 ዴሲቤል ስድቡን ለመንገደኛው ሁሉ ያሰማል፣ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም። የሰው ፊት ላይ የተዋረደ ሾፌር ደግሞ ስለ ሕግ አይሰማህም፣ የሚያስበው ስለ ክብሩ ነው።

ያንኑ ባጃጅ ከሰዓታት በኋላ ተራ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ልጁ ከተራ አስከባሪው ጋር ቡና እየጠጣ ነው። ሳይክሌን አስደግፌ ሰላምታ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ተራ አስከባሪው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ነገሩን ሰምተው ስለነበር «በል ተናገር፣ አንተም ስማ» ብለው አስጀመሩን። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባለው አስታራቂ ሽማግሌ ደም የተቃቡትን የሚያስታርቀው ሰዎቹን አስቀምጦ ነው እንጂ መንገድ ላይ አቁሞ አይደለም፤ የእኛ የፍሬቻ ነገር ከዚያ በብዙ ቢያንስም አቀማመጡ ያው ነው።

ልጁ የነገረኝን እንዳለ ላስፍረው። ተሳፋሪው «ወራጅ» የሚለው ቦታው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው፤ አሥር ሜትር አሳልፎ ቢያቆም ይጨቃጨቁታል። ባጃጁ የራሱ አይደለም፣ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚያስገባው ገንዘብ አለ፤ ሰው ከቀደመው ሌላ ይወስድበታል። ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው። አራተኛ ነገር ጨመረ፣ እሱን አላውቅም ነበር። «አንተን በስፖኪዮ አላየሁህም፣ ስፖኪዮው ወደ ውስጥ ነው የዞረው፤ ተሳፋሪ ሳይከፍል እንዳይወርድ» አለኝ። ሄደን አየነው። እውነቱን ነው፤ የቀኙ ስፖኪዮ የኋላ ወንበሩን ነበር የሚያሳየው። እዚያው ቆመን አዞርነው፣ እኔ ከኋላ በሳይክል ላይ ሆኜ «አየኸኝ?» እያልኩ፣ እሱ «ግራ፣ ግራ... አሁን አየሁህ» እያለ። ተራ አስከባሪው የሌሎቹንም ባጃጆች እንዲያዩ አዘዙ። ሁሉም አላዞሩም፣ አንዳንዶቹ ሳቁ።

ለጥያቄው የኔ መልስ ከዚህ የመጣ ነው። ሕግ የጣሰ ሾፌር መነገር አለበት፤ ሁላችንም ዝም ካልን የቀኙ ጠርዝ ባዶ ነው ብሎ ይለምደዋል። ግን ሞተሩ እየሠራ አይነገርም። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት፣ የባጃጁም የሚኒባሱም ተራ ይታወቃል፣ ሾፌሩ ምሳ የሚበላበትም። ነገ ታገኘዋለህ። ባልደረባችን የሆነች ሳይክል የምትነዳ እህታችን ይህን ስነግራት «ለአንተ ቀላል ነው» አለችኝ። እሷ ቃል ስትናገር መልሱ ስለ መንገድ አይሆንም፣ ስለ ሴትነቷ ይሆናል። ስለዚህ እሷ ለተራ አስከባሪው ብቻ ነው የምትነግረው፣ ቁጭ ብላ ቡና ልትጠጣ አትችልም። ልክ ናት፣ ምክሬ ለሁሉም እኩል አይሠራም።

የማይገኙትም አሉ። አልፎ ሂያጁ ተሳቢ፣ ሰዉ አልቃይዳ እያለ የሚጠራው ጫት የጫነ አይሱዙ። ጫት ቶሎ ካልደረሰ ይጠወልጋል፣ ስለዚህ ያ መኪና የሚነዳው ከሰዓት ጋር እየተሽቀዳደመ ነው፤ አንተ ብትነፋ ባትነፋ ፍጥነቱን አይቀንስም። ለእነዚህ ታርጋ ይዞ ለትራፊክ ፖሊስ መንገር እንጂ መከተል አያዋጣም። እየነዱ በስልክ ቪዲዮ የሚቀርጹ ልጆች አይቻለሁ። ስልክ ይዞ ስለሚነዳ ሾፌር ማስረጃ ለመሰብሰብ ስልክ ይዞ ሳይክል መንዳት ነው፤ አልገባኝም።

ክላክሷ በእውነት የረዳችኝ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ጠዋት ጉም ካለ ደግሞ ፊትህ ያለው ኩርባ አይታይም። ኩርባው ሳይደርስ አጭር አጭር ሁለት ጊዜ ስትነፋ ከታች የሚመጣው ሚኒባስ ሰምቶ ወደ ራሱ መስመር ይሰበስባል። እረኛውም በጎቹን ይጠራል። እዚያ ማንም አልተሰደበም፣ ማንም ገና አላጠፋም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ሁለቱም እጆች ፍሬን ላይ መሆን አለባቸው፤ ስለዚህ ቁልፏን አውራ ጣት ሳይዘረጋ በሚደርስበት ቦታ እሰሯት። ሻጩ የሚያስርላችሁ ቦታ ሩቅ ነው፣ እዚያው እያላችሁ አስቀይሩት። ሽቦው አጭር ስለሆነ መሪው ሰፊ የሆነ ሳይክል ላይ ትንሽ ይወጠራል።

በከተማ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን ይህን 850 ብር አልመክርም። ከዚያው ሱቅ መሪው ጫፍ ላይ የምትሰካ ትንሽ ስፖኪዮ በ250 ብር አለች። ከኋላ የሚመጣውን አይሱዙ ሳይቀርብ ታሳያለች፤ እኔም ከአስፋልቱ ወርጄ አሳልፈዋለሁ። ስፖኪዮዋ አስፋልቱ ሲሰነጣጠቅ ትንቀጠቀጣለች፣ በየጊዜው ማጥበቅ ይፈልጋል። ከተረፋችሁ ገንዘብ ደወል ግዙ፤ ለእግረኛም ለጋሪም ደወል ይበቃል፣ ፈረስም አይደነግጥበትም።

ደሴና ሐይቅ ለምትመላለሱ፣ ቆቦ ሜዳ ላይ ለምትነዱ ግን ግዟት። ስትገዙ ድምፆቹን አንድ በአንድ አስነፉ። አምስተኛው የአምቡላንስ ድምፅ ነው። አንድ ጎረምሳ ሲጠቀምበት አይቻለሁ፣ መኪናው ሁሉ ግራና ቀኝ ተከፈለለት፣ እሱም እየሳቀ አለፈ። በማግስቱ ማንም ዞር አላለለትም፣ እውነተኛው አምቡላንስ ግን በዚያው መንገድ ነው የሚያልፈው። ሻጩ ያቺን ድምፅ ማጥፋት ይቻላል ብሎኛል፤ ስከፍታት ማጥፊያ አላየሁባትም። ድምፅ የሚቀይረው ቁልፍ አራተኛው ላይ ሲደርስ አለመጫን ነው ያለው አማራጭ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ማታ ነቅሎ ማስቀመጥ።